ፍልሰታ በኖርማንዲ መንገድ

ሐሙስ፣ ጁላይ 23

ጠዋት አምስት ሻንጣና ሁለት የጀርባ ቦርሳ ሸጥኩ። እዚህ ለንደን የሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ጭር ሲል የፈረንሳዩን የኖርማንዲን ካርታ ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁ። ጣቴ ቀጭኑን የገጠር መንገድ ይዞ ሄደ። መኪና የለም። ግራና ቀኙ የፖም ዛፍ ነው፤ የድንጋይ ቤቶቹ መስኮታቸውን ዘግተው ያንቀላፋሉ፤ ከሩቅ የአንዲት መንደር ደወል ይሰማል። ከዚያ ሌላ የብስክሌቴ ሰንሰለት ድምፅ ብቻ። ደንበኛ ሁለቴ ጠርታኝ ነው የነቃሁት።

ከሰዓት ጋሼ ግርማ መጡ። አብረን ብስክሌት መንዳት ከጀመርን አስር ዓመታችን ነው። በኦክቶበር ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ፤ ከዚያ ወዲያ ረጅም መንገድ እንደማይታሰብ ሐኪሙ ነግሯቸዋል። ለሁለታችን የቆረጥኩትን የመርከብ ትኬት ሳሳያቸው ሳቁ።

«ኦገስት 8? ነሐሴ 2 እኮ ነው! ፍልሰታን በፈረንሳይ ቅቤ ልታስገድፈኝ ነው?»

በፈረንጅ ቀን ቆጥሬ ጾሙን ረስቼዋለሁ። ትኬቱ ደግሞ አይቀየርም።

«ብቻህን ሂድና ፎቶ ላክልኝ» አሉ። እንደ ቀልድ ነው የተናገሩት፤ ዓይናቸው ግን ከካርታው አልተነሳም።

«ጋሼ፣ በሶ ለመቼ ነው? በጥብጠን እንጠጣለን።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ ዳገት ልውጣ?»

«ከዘጠኝ በኋላ እንነዳለና። እዚያ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ብርሃን ነው።»

ካርታውን አጣጥፈው ሰጡኝና ተነሱ። ሊወጡ በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ዞረው፣ የመጠጥ ውሃ ያለው በየትኛው መንደር እንደሆነ ጠየቁኝ።

ነገ ኪልበርን ካለው የሐበሻ ሱቅ ሄጄ ሁለት ኪሎ በሶ መግዛት።