ንብ የገባባት ክፍት መኪና

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ ለእታለም ጸሐይነሽ ገብረ አማኑኤል፤ አስመራ።

እታለም፣ እንዴት ነሽ? ሰውነትሽስ እንዴት ነው? ባለፈው ክረምት የያዘሽ ሳል ለቀቀሽ ወይስ የአስመራ ብርድ አሁንም ያስልሻል? የልጅሽ የታይቱ ጥርስ ወጣ ወይ? ባለቤትሽን ደሞዝንስ ጋራዡ እንዴት ይዞታል? ሥራው ቀንቶታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን፤ ከብቶቹም ደህና ናቸው፤ ጤፉም ዘንድሮ ጥሩ ነው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ወንድምሽ ብቻ ነኝ። አልታመምኩም፣ አትደንግጪ፤ ግራ ገብቶኝ ነው። ምን እንደ ደረሰብኝ ከሥሩ ስጽፍልሽ ምናልባት አንቺ ይገባሽ ይሆናል።

በሾፌሩ በምንዋጋው እጅ የላክሽው ደብዳቤ በጥቅምት መጀመሪያ ደርሶኛል። የዓይን ሞራ የሚገፈው ሐኪም አስመራ የሚቆየው እስከ ኅዳር መጨረሻ ብቻ እንደ ሆነ፣ ከዚያ ወደ አገሩ እንደሚመለስና ሌላ መቼ እንደሚመጣ እንደማይታወቅ ጽፈሻል። ስለዚህ ደሞዝ ለፋሲካ መጥቶ ዝናብ መንገዱን ሲቆርጥበት እኛ ግቢ ትቷት የሄደውን መኪና አዘጋጅቼ፣ ዓይናቸውን የጋረዳቸውን አባታችንን በእሷ ይዤ እንድመጣ አዝዘሽኛል። ኮረም በእህል መኪና ረዳትነት ስሠራ መሪ መያዝ ስለ ተማርኩ ምን ችግር አለ ብዬ ደስ እያለኝ ጀመርኩት።

ግን እታለም፣ ይቺ መኪና ናት? ወንበሯ ሁለት፣ ጣሪያ የላት፣ ቁመቷ እስከ ጉልበቴ። የሸራ ክዳን ነበራት፤ እሱን ክረምቱን ፍየሎቹ ጨርሰውታል። ደሞዝ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አላውቅም፤ እንደ ምንም አለዝበሽ ንገሪልኝ። ዘይቷን ቀየርኩ፣ ካንዴላዎቿን ፍቄ አጸዳሁ፣ ፍሬኗን አጠበቅሁ፤ ቤንዚን ከኮረም በበቅሎ አስመጣሁ። ጎረቤታችን ጓንጉል፣ የመኪናዋ ሆድ መሬት ስለሚነካ ከጎማው በላይ በሚሸከማት ብረት፣ በባሌስትራው ላይ እንጨት ካልጨመርክበት የመጀመሪያውን ወንዝ አታልፍም አለኝ፤ ጨመርኩ። በማግሥቱ መጥቶ አየና እንዲህ ከፍ ካለችማ ትገለበጣለች አለኝ፤ አወጣሁ። እናታችን ደግሞ ስንቁ የት ይቀመጣል፣ ካህን የሚያህል ሰው ጥላ በሌለው ነገር ላይ ተቀምጦ የአገሩ ሁሉ ዓይን ይረፍበት ወይ እያለች ትከተለኛለች። ለሁሉም እሺ እያልኩ ሞተሩ ሥር ስገባ ብቻ ነበር ሰላም የማገኘው።

ከሁሉም በላይ ያደናገሩኝ አባታችን ናቸው። አንድ ቀን ራሳቸው መጥተው መቼ ነው የምንነሣው ይሉኛል። ነገ ስላቸው ጤፉ ሳይታጨድ ወዴት ነው ይላሉ። ጤፉን አጨድን። ታዲያ እንሂድ ስላቸው፣ የካህን ልጅ ሆነህ በጾመ ጽጌ መንገድ ታስገባኛለህ ወይ ብለው ተቆጡኝ። የቅዳሴ ሰሞናቸው ሲደርስ ደግሞ ወገቤን አመመኝ እያሉ ለሌላ ቄስ ይሰጣሉ። ወገቡ የሚያመው ሰው ግን በዚያው ቀን ከንብ ቀፎዎቻቸው ሥር ጎንበስ ብሎ ሲውል አየዋለሁ። መሄድ ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም? እናታችንን ብጠይቃት እኔም እንዳንተው ነኝ አለችኝ።

አንድ ጠዋት ወደ መኪናዋ ስመጣ የኋላው የዕቃ ማስቀመጫ ታጥቦ፣ በወይራ ጭስ ታጥኖ፣ ውስጡ በሰምና በቅጠል ታሽቶ አገኘሁት። ሽታው ያውዳል። ማን ነው ብዬ ስጠይቅ አባታችን እኔ ነኝ፤ ቤንዚኑ ሸተተኝና ለመንገዱ አጠንኳት አሉኝ። በቃ ቆረጡ ማለት ነው ብዬ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የዚያኑ ቀን ጎማዎቹን ነፋሁ።

ብዙም ሳይቆይ እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ሲጮህ ሰማሁ። መንጋ ንብ ነው። ግቢውን ዞረ፣ ዞረና ቀጥ ብሎ መቆለፊያው በተነቀለበት ቀዳዳ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ገባ። እኔ አፌን ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አባታችን ግን እንደ ሕፃን ሳቁ፤ ገድ ነው፣ ማንም እንዳይነካብኝ አሉ። ሳይጠሩት መጥቶ ቤትሽ የሰፈረን ንብ ማባረር እኛ ዘንድ ነውር መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ። ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ለማለት መጣ። እኔ አንጀቴ እያረረ እንኳን አብሮ ደስ አለን እላለሁ። ኅዳር ገባ፣ ጽጌ ተፈታ፤ ሐኪሙ ዕቃውን ሊሸክፍ ነው፤ መኪናችን ደግሞ ማር ልትሠራ ነው።

ደብሬን ታስታውሺያታለሽ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለችው ንብ አርቢዋ። እሷም እንደ ሌላው ደስታችንን ልትካፈል መጥታ መኪናዋን ጠጋ ብላ አሸተተችና ሳቀች። ይህ እኮ ንብ ለመጥራት የታጠነ ቀፎ ሽታ ነው፤ ቅጠሉም የሚታሸው ለዚሁ ነው፤ ማነው እንዲህ ያዘጋጀው አለችኝ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ንብ ያረቡ ሰው ይህን ሳያውቁ ቀርተው ነው? ሆን ብለው ነው ያደረጉት። እኔ ከመኪና ሥር ጀርባዬ ሲላጥ እሳቸው መንገዱን በንብ ዘጉብኝ ብዬ በጣም ተቀየምኳቸው።

ሄጄ ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም። ዛሬ ሲመሻሽ ንቦቹን አዛውራቸዋለሁ፣ አንተ ጭስ ያዝልኝ አሉኝ።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል በእበት የተመረገ አዲስ ቀፎ ይዤ ከጎናቸው አኖርኩ፤ ኩበት አጭሼ ቆምኩ። የዕቃ ማስቀመጫውን ክዳን ከፈቱና በባዶ እጃቸው ገቡበት። በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ቀስ እያሉ ንቦቹን ያነጋግሯቸዋል፤ አንዱም አልነደፋቸውም። መቼም እንዲህ ያለ እጅ የለም እያልኩ ቂሜን ልረሳ ስል፣ የመጀመሪያውን እፍኝ ንብ አንሥተው ዞሩና መሬት ላይ አፈሰሱት። ቀፎው እዚያው ከጎናቸው ነው፤ ብርሃኑም ገና አልሄደም። ቀፎው የት አለ አሉኝ። ፊታቸው ወደ አጥሩ ነው የዞረው። እጄን በፊታቸው አለፍ አደረግሁት፤ ዓይናቸው አልተከተለውም።

እታለም፣ አባታችን አያዩም። እኛ ትንሽ ጋረዳቸው ስንል፣ ከፍልሰታ ወዲህ ጀምበርና ጥላ ከመለየት በቀር ምንም አይታያቸውም። ሰሞናቸውን ለሌላ የሚሰጡት ለዚህ ነው። ግቢውን በልምድ፣ ቀፎዎቹን በድምፅ፣ እኛን በኮቴያችን እየለዩ ነው የከረሙት። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ቤት ውስጥ እያደርኩ አላወቅሁም። ለምን አልነገሩንም፣ ይህ ከሆነማ መፍጠን አልነበረብንም ወይ ስላቸው፣ ሳልሄድ ሐኪም አለ እያልኩ እተኛለሁ፤ ሄጄ ጊዜው አልፏል ቢለኝስ ከዚያ ወዲያ ምን እያልኩ ልተኛ አሉኝ። መኪናዋንም መጀመሪያ ያጠንኳት እውነትም ለመንገዱ ብዬ ነው፤ ቅጠሉን ሳሽ ግን የማደርገውን ዐውቅ ነበር አሉ። አለቀስኩ። እሳቸው ያልቅስ ብለው ትተውኝ ይሁን ወይም ሳይሰሙኝ ቀርተው አላውቅም፤ ብቻ ቀፎውን አቅናልኝ አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። አውራውን ንብ በጣታቸው ፈልገው ካገኙት በኋላ የቀረው መንጋ ተከትሎ ገባ።

አሁን ደግሞ በሌላ በኩል ግራ ገባኝ። ቀድሞ እንሂድ እያልኩ የምሟገተው እኔ ነበርኩ። አሁን ግን ቀፎው ዛፍ ላይ ተሰቅሎ፣ መኪናዋ ተጠርጋ ስትቆም፣ እኔው ወደ ኋላ ማለት ጀመርኩ። በገዛ እጄ ይዣቸው ሄጄ ተስፋቸውን ባስነጥቃቸውስ? እሳቸው ናቸው ትናንት ጠዋት በትራቸውን እየመቱ መጥተው፣ ሞተሯን አስነሣት፣ ድምፅዋን ልልመደው ያሉኝ። አስነሣሁላቸው። ኮፈኗ ላይ እጃቸውን ጭነው ቆሙ፤ ሲበቃቸው የሚካኤልን አንግሠን በማግሥቱ እንነሣለን አሉ። እስካሁን ቃላቸውን አላጠፉም። የቀሩ ጥቂት ንቦች ወንበሩ ሥር አሉ፤ እነሱን መንገድ ላይ ንፋሱ ያወጣቸው ይሆናል። ሐኪሙን ቀደም ብለሽ አግኚልኝ፤ ሳያየን እንዳይሄድ ለምኚው። የመጣው ይምጣ ማለት እንዴት እንደሚቻል ግን እኔ ገና አልተማርኩም።

ለባለቤትሽ ለደሞዝ ሰላም በይልኝ፤ ስለ ሸራው ነገር ምሕረቱን እጠብቃለሁ። የትንሿን የታይቱን ጉንጭ ሳሚልኝ፤ አጎቷ በቀይ መኪና ይመጣል በያት። የአማትሽን የእማሆይ ወለተ ጻድቅን ጉልበት ሳሚልኝ። አብሯችሁ ለሚኖረው ለምትኩ፣ ደጃችሁን ለሚረግጡት ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። እናታችን ጠዋትም ማታም ስምሽን ትጠራለች፤ ነጭ ማር ልካልሻለች፤ ደብሬም ሰላም ብላሻለች።

አባታችንም እንዲህ ሲሉ ሰላም ብለውሻል። መኪናዋ ደጃችሁ ስትቆም ጎረቤት ለማየት ይሰበሰብ ይሆናል። ያን ጊዜ ቀድመሽ ተናገሪ። እንኳን ደህና መጡም በይ፣ የፈለግሽውንም በይ፣ ብቻ ከሰው ሁሉ የአንቺ ድምፅ ይቅደም፤ በሰው ፊት ሌላ ሴት፣ ልጄ ብዬ እንዳላቅፍ።

ወንድምሽ አስማረ ገብረ አማኑኤል
ሰቆጣ፤ ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.