ክርን ለከለከለው መሥሪያ ቤት

ለተከበሩ የማሳጅ ባለሙያዎች ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። አንገትዎ ያለ ሕመም እንዲዞር፣ ትከሻዎ እንዲላላ፣ ከወንበርዎ ሲነሡ ወገብዎ እንዳይይዝዎ ከልብ እመኛለሁ። ሌላው ሰው ጤናን በጅምላ ይመኛል፤ እኔ ግን ከሙያዬ የተነሣ በየመገጣጠሚያው መመኘት ስለለመደብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ባለፈው ማክሰኞ የቀኝ አውራ ጣቴ ጀሶ ተፈታ፤ ጣቱ አልታጠፈም። በማግስቱ ከመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ፈቃዴን ለማሳደስ በመጪው ሐሙስ ጠዋት በሁለቱም አውራ ጣቶች የሚሰጥ የግፊት ፈተና እንድፈተን የሚጠራ ነው።

ሙያውን የተማርኩት ከአንድ ጎማ ጥገና ቤት በላይ ባለ ረጅም ክፍል ውስጥ ነው፤ ከታች መዶሻ ሲመታ ከላይ የማሳጅ አልጋው ይንቀጠቀጥ ነበር። ተማሪዎች እርስ በርስ እየተሻሸን እንማር ስለነበር ሁላችንም የምንሸሸው አንድ ልጅ ነበር፤ ጀርባው ከመድረቁ የተነሣ «ሳንቃ» እንለው ነበር፤ እሱ የደረሳት ልጅ ያን ቀን ምሳ ላይ ማንኪያ ማንሣት ያቅታታል። «እትዬ» የምንላት መምህራችን ግን ሆን ብላ ሳንቃን ለጀማሪ ትሰጥና፣ ጀማሪዋ አውራ ጣቷን ስትተክል እጇን መታ አድርጋ «ጣትሽ ምን በደለሽ? ክርንሽን አውርጂና ገላሽን ጣል አድርጊበት፤ በጣት ትፈልጊያለሽ፣ በክርን ትሠሪያለሽ» ትላት ነበር። እትዬ ያኔ ስድሳን አልፋለች፤ ያለ ማንም እገዛ መርፌ ላይ ክር ታስገባ ነበር።

መመሪያዎ ቅሬታ በቁጥር እንዲቀርብ ስለሚያዝ እነሆ።

፩. ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ትልቅ ባለሥልጣን በምሠራበት ቤት፣ ከባልደረባዬ አልጋ ላይ አንሶላውን እንዳገለደሙ ብድግ ብለው «እኔን? በክርን?» ሲሉ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ሰምቻለሁ። ባልደረባዬ «ጌታዬ፣ ጀርባዎ ስለጠጠረ ነው» ብትላቸው «የጠጠረውስ ያንቺ ጭንቅላት ነው» ብለዋት ልብሳቸውን ለበሱ። ወር ሳይሞላ ከመሥሪያ ቤትዎ መመሪያ ወጣ፤ ደንበኛን በክርን፣ በክንድ ወይም በጡጫ መንካት የአክብሮት ጉድለት ስለሆነ ባለሙያው በጣቱና በመዳፉ ብቻ እንዲሠራ ታዘዘ። የአንድ ሰው ጀርባ ቅር ቢለው ለዚያ ጀርባ ሲባል የአንድን ሙያ ሙሉ አሠራር እስከ መቀየር ድረስ ስለደከሙ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። እትዬ በዚህ መንገድ አላስተምርም ብላ ትምህርት ቤቷን ዘጋች። ሌሎቹን ደንበኞች የጠየቃቸው የለም። የከባድ መኪና ሾፌር የሆነ ደንበኛዬ ነገሩን ስነግረው፣ አልጋው ላይ በአፉ እንደተደፋ «እህቴ፣ እኔን በፈለግሽው ተጫኚኝ፤ ካሻሽ መኪናውን ንጂብኝ» ብሎኛል። ይህ ሐሳብ ለመመሪያው ማሻሻያ ቢጠቅም ብዬ አስፍሬዋለሁ።

፪. በአንድ ቤት ውስጥ አውራ ጣት የሚፈልግ ነገር ምን ያህል እንደሚበዛ ያወቅሁት በእርስዎ መመሪያ ነውና ለዚህም አመሰግናለሁ። መጀመሪያ የሸሚዝ ቁልፍ እምቢ አለኝ፣ ቀጥሎ የጠርሙስ ክዳን፣ ከዚያ የቤቴ በር ቁልፍ፤ አሁን ከሥራ ስመለስ በሩን የሚከፍትልኝ ሰው ቤት መኖሩን ደውዬ ሳላረጋግጥ አልሄድም። የልጄን ፀጉር የምሠራላት እኔ ነበርኩ። አንድ እሑድ መሐል ላይ ጣቴ ከዳኝና ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ቀረ። በሳምንቱ ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣ መጣችና «እማ፣ አሁን ፋሽኑ ይኼ ነው» አለችኝ። ከትምህርት ቤት ልወስዳት ስሄድ የክፍል ጓደኞቿን አየሁ፤ ሁሉም የተሠሩ ናቸው። ሐኪሙ ደግሞ የጣቴን ራጅ ወደ መብራቱ አንሥቶ ጥቂት ካየ በኋላ «የእናትሽን ነው እንዴ ያመጣሽው?» ሲል ጠየቀኝ። የእኔ መሆኑን ስነግረው ራጁን አስቀመጠና ሥራዬን ጠየቀኝ።

፫. ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ተብሎ እንዲመዘገብልኝ፣ ሕክምናዬም እንዲሸፈንልኝ ለመሥሪያ ቤትዎ አመልክቼ ነበር። መስኮቱ ውስጥ የነበሩት ሹም ማመልከቻዬን እስከ መጨረሻው በማንበብ አክብረውኛል። ከዚያም «እህቴ፣ ማሳጅ ማለት ዘይት መቀባት አይደል እንዴ? ዘይት ደግሞ ማንን ሰብሮ ያውቃል?» አሉኝ። ወዲያውም አንገታቸውን ይዘው «ለመሆኑ ይኼን ነገር ምን ትዪዋለሽ? እንቅልፍ ነሥቶኛል» አሉና የጎኑን በር ከፍተው አስገቡኝ። ጣቴ አልሠራም ስላለኝ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ትከሻቸውን በክርኔ ተጫንኩት። «እሰይ፣ እዚያው ጋ፣ ትንሽ ወደ ታች፣ እጅሽ ይባረክ» አሉ። እንደጨረስኩ አንገታቸውን ወዲህና ወዲያ አዙረው ሞከሩት፤ ቀጥለውም በመመሪያው መሠረት የተሠራ ሥራ ጉዳት ሊያደርስ ስለማይችል ማመልከቻው ውድቅ ተደርጓል የሚለው ላይ ማኅተም አሳረፉበት። ስማቸውን አልጠቅስም። በመንግሥት ወንበር ላይ ተቀምጠው የተከለከለ ክርን በመቀበላቸው እንዲቀጡብኝ አልፈልግም፤ ያማቸው የነበረውም በእውነት ነው።

፬. ይግባኜ አሁን በመሥሪያ ቤትዎ የጉዳት ኮሚቴ እጅ ይገኛል፤ የሐሙሱ ፈተና የመጣውም በዚህ መሐል ነው። ፈተናውን ካለፍኩ ጣቴ ጤነኛ ስለሆነ ጉዳት የለብኝም። ከወደቅኩ ፈቃዴ ይሰረዛል፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ደግሞ ባለሙያ ስላልሆነ ይግባኙ አይታይለትም። ካልቀረብኩ ሙያውን በገዛ ፈቃዴ እንደተውኩት ይቆጠራል። አንዲት ሴት በየት በየት በኩል ልታመልጥ እንደምትችል እንዲህ አስቀድሞ ያሰበ ሰው፣ ጣቷ እንዳይበላሽም ትንሽ ያስባል ብዬ ተስፋ ማድረጌ የእኔ የዋህነት ነው። የቀረኝ መንገድ አንድ ነው፤ ኮሚቴው ይግባኜን ከፈተናው በፊት ቢያየው ፈቃዴ በእጄ ሳለ ጉዳዬ ይሰማል። ከፈተናው በኋላ ካየው የሚያየው ነገር አይኖርም።

ዓርብ ዕለት ለፈተናው ለመመዝገብ መጥቼ ነበር። ኮሪደሩ ንጹሕ ነው፣ አግዳሚ ወንበሮቹም አዲስ ናቸው፤ ለዚህም ሊመሰገኑ ይገባል። አጠገቤ ከማሠልጠኛችሁ የመጡ ሁለት ተማሪዎች ተቀምጠው ነበር፤ ከልጄ ብዙም አይበልጡም፤ ሁለቱም አውራ ጣታቸው ላይ ፕላስተር ጠምጥመዋል። አንደኛዋ የጓደኛዋን እጅ አይታ «አንቺም?» ስትላት፣ ሌላዋ «ዝም በይ፣ ካዩት አያስፈትኑኝም» ብላ በሹራቧ እጅጌ ሸፈነችው። ወደ እኔም ዞር ብላ «እትዬ፣ ይለመዳል አይደል?» ስትል ጠየቀችኝ። ለጥያቄዋ መልስ የሚጠበቀው ከመሥሪያ ቤትዎ ስለሆነ፣ በእኔ በኩል ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

እንግዲህ ልመናዬ ኮሚቴው ይግባኜን ከፈተናው በፊት እንዲያይልኝ፣ ክርንም ለእነዚያ ልጆች እንዲፈቀድላቸው ነው። ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ጊዜዎ ውድ መሆኑን የተረዳሁት በጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ላይ አንዲትም ደቂቃ ባለማባከንዎ ነው።

አውራ ጣቶቼን ሳልጨምር በቀሩት ጣቶቼ ሁሉ እጅ እየነሣሁ፣ ለወንበርዎ ዕድሜ፣ ለጀርባዎ ምቾት፣ ለቤተሰብዎም ሰላም እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

ፈቃዷ እስከ ሐሙስ ጠዋት የጸና
አንዲት የማሳጅ ባለሙያ

ተጨማሪ ቃል፦ መመሪያዎ አመልካች በራሱ እጅ እንዲጽፍ ያዝዛል። ይህን ደብዳቤ እኔ እየነገርኳት የጻፈችልኝ ታናሽ እህቴ ናት፤ ይህን የምገልጸው ፊደሉ ማማሩን አይተው እጄ ድኗል ብለው እንዳይደሰቱ ብዬ ነው። በፊርማዬ ቦታ የቀኝ አውራ ጣቴን አሻራ አኑሬያለሁ። እሱንም ቢሆን ጣቴን ይዛ ወረቀቱ ላይ የተጫነችልኝ እህቴ ስለሆነች፣ ግፊቱ በፈተና ውጤትነት እንዳይያዝልኝ በትሕትና አሳስባለሁ። ኮሚቴው ይግባኜን የሚያየው ከፈተናው በፊት ይሁን ወይስ በኋላ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ እንደሚወስን ተነግሮኛል።