መሪውን ማን ያዘው

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ከጀልባው እርጥበት ያተረፍከው ሳልስ ተወህ? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ደህና ናት።

መጽሐፍህ እኔ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ገብቷል። መዝግቤ ቁጥር የለጠፍኩበት እኔው ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ የንባብ ክበቡ ሲወያይበት ወንበር የደረደርኩትም እኔው። እህትህ መሆኔን ከመካከላቸው የሚያውቅ የለም።

ከአባላቱ መካከል አስተማሪው፣ ውቅያኖስን ብቻውን ያቋረጠ ሰው ከራሱ ጋር ታርቆ ይመለሳል ብሎ አደነቀህ። ሌላዋን አባል፣ ነርሷን ግን ያናደደቻት በመጽሐፍህ ያለችው እህትየዋ ናት፤ ወደብ ላይ እግርህ ሥር ወድቃ አትሂድ እያለች ያለቀሰችው ፈሪ። ዘመድ እንዲህ ከሆነ ጠላት ምን ሊያደርግ ነው አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ከዚያ ዕድሜያቸውን በዓሣ ማጥመድ የጨረሱ አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አወለቁ። ይሄ ልጅ ሦስት ቀን በትኩሳት ራሴን ስቼ ነበር ይላል፤ በዚያ ማዕበል ሸራውን ማን አወረደው፣ መሪውንስ ማን ያዘው ብለው ጠየቁ። አስተማሪው ተአምር ነው አለ። እሳቸው ግን ባሕር ላይ ተአምርም እጅ ይፈልጋል አሉና ዓይናቸው ጣቶቼ ላይ አረፈ። ያን ሌሊት የሸራው ገመድ የሰነጠቃቸው ሁለቱ ዛሬም አልታጠፍ እንዳሉኝ ናቸው። እጄን መጻሕፍቱ ሥር ደበቅኩት።

ስሜን ውሃ ይብላው ብዬ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ብቻህን እንድትገባ ጀልባውን ትቼልህ ከመጨረሻዋ ደሴት በአውሮፕላን ስመለስ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬህ ነበር፤ ይኸው ቃሌን ጠብቄአለሁ። ግን ወንድሜ፣ አልነበረችም በል አልኩህ እንጂ ፈሪ ነበረች በል መቼ አልኩህ?

እማዬ ያን ጊዜ ለሥልጠና የሄድኩ ነው የሚመስላት። መጽሐፉን በማጉያ መነጽር ገጽ በገጽ አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝና፣ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው አለች። አንዱ ጀግና፣ አንዷ ፈሪ ማለቷ ነው። ያን ቀን ምሳ አብረን አልበላንም።

ክበቡ በሚቀጥለው ወር ጋብዞሃል። የግብዣውን ወረቀት የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ከዚህ ጋር ታገኘዋለህ። ሽማግሌው አይቀሩም። እኔ ከኋላ እቆማለሁ፤ አንዲት ቃል አልተነፍስም። እማዬን ግን ፊት ለፊትህ አስቀምጣታለሁ።

ከዚያ ሁሉ ውሃ ያወጣህ ፈጣሪ አንደበትህን ይፍታልህ። ሳልህን ታከም።

ታላቅ እህትህ