ሳይወረወሩ የወደቁት ድንጋዮች

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለመምህር ፍቅረማርያም፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? እማማስ ደም ግፊቷ ተሻላት? ትንሿ እህቴ ማራናታስ ከፊዚክስ ጋር ታረቀች? እኔና አብራኝ የምትኖረው ኸይሪያ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። ጠዋት ኮሌጅ እንማራለን፣ ከሰዓት መጋዘን እንሠራለን።

አባባ፣ የምጽፍልዎ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ነው! ማክሰኞ የፊዚክስ መምህራችን ከባድና ቀላል ድንጋይ ከፎቅ ቢለቀቁ የትኛው እንደሚቀድም ጠየቀን። ሁሉም ከባዱ አለ። እርስዎ ክፍል ውስጥ ይጠይቁን የነበረው ጥያቄ ነዋ! ሳላስበው እንደ አገር ቤት ብድግ ብዬ ቆምኩ። እዚህ ተማሪ ተቀምጦ ነው የሚመልሰው። ክፍሉ በሙሉ አፈጠጠብኝ፤ ኸይሪያማ ጥዬ ልወጣ መስሏት ጃኬቴን ጎተተች።

አንዴ ከቆምኩ ምን አደርጋለሁ? ሁለቱን በገመድ ብናስራቸውስ አልኩ። ከባዱ የሚቀድም ከሆነ ቀላሉ ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ይዘገያሉ። ግን አብረው ሲታሰሩ ክብደታቸው ስለሚጨምር መፍጠን አለባቸው። ሁለቱም እውነት ሊሆን አይችልም፤ እንግዲህ አየር ካልያዛቸው እኩል ነው የሚወድቁት።

መምህሩ ማርከሩን አስቀምጦ ይህን በየትኛው ቤተ ሙከራ እንዳየሁት ጠየቀኝ። ቤተ ሙከራችን ቁልፉ የጠፋ አንድ ቁም ሣጥን እንደነበረ፣ አባቴ ዓይናችሁን ጨፍኑና አስቡት እያሉ እንዳስተማሩን ነገርኩት። ይህ የሐሳብ ሙከራ ይባላል አለ፤ ሊቃውንት መሣሪያ ሳይነኩ ስንት ስሕተት አርመውበታል። በኋላ መለካቱ አይቀርም፣ ግን ምን እንደሚለካ የሚያሳየው እሱ ነው አለን።

አባባ፣ ሠላሳ ዓመት ልጆቹን መሣሪያ በሌለው ባዶ ክፍል አታለልኳቸው ብለው የጡረታ ሽኝትዎ ላይ አልገኝም ማለትዎን ወንድሜ ኤርምያስ በስልክ ሲነግረኝ አልቅሻለሁ። ማንንም አላታለሉም! ያስተማሩኝ እውነተኛ ሳይንስ ነው፤ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሠርቷል። እባክዎ ግራጫ ኮትዎን ለብሰው ይሂዱ።

እማማን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ኤርምያስ እስከ ሽኝቱ አዳራሽ ድረስ ያድርስዎ። ማራናታ ዓይኗን ጨፍና ድንጋዮቹን ትልቀቃቸው። ኸይሪያም ሰላም ብላለች። እኔ ደግሞ በዚያ ቀን ስምዎ ሲጠራ፣ ሰው ቢያፈጥም ያፍጥጥ፣ እዚህ ሆኜ ብድግ እላለሁ።

ልጅዎ ህብረት ፍቅረማርያም
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.