ከፊት ብቻ የምታውቀኝ ልጄ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እኅቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃውን እየረገምሽ ነው የምትወጪው? የአባባስ ጆሮ? ድንቢጥ ልጄስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ደግሞ ፈቃድ ተሰጥቶኛል፤ ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ።

ሥራሽ ምንድን ነው ላልሽኝ፣ አትሳቂብኝ እንጂ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሳዞር ነው የምውለው። ጫማ፣ ማንቆርቆሪያ፣ የሕፃን ወንበር፣ የተገኘውን ሁሉ በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ካሜራው ዙሪያውን ያነሣዋል። ኮምፒውተሩ ከፎቶዎቹ የዕቃውን ቅርጽ ሠርቶ ይይዛል። ኋላ አንድ ዕቃ ሲያይ ከያዛቸው ቅርጾች ጋር እያስተያየ ምን እንደሆነ ይናገራል።

ባለፈው ሰሞን ታዲያ ጉድ ሠራኝ። ቸኩዬ ማንቆርቆሪያውን ከፊት ብቻ አንሥቼው ኖሯል። ጀርባውን ለኮምፒውተሩ ብናሳየው ባልዲ ነው ብሎ ድርቅ አለ። አለቃችን፣ ቀልድ የማያውቅ መሐንዲስ ነው፣ ጀርባውን መች አሳየሽውና ነው የሚያውቀው አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ቤት ገብቼ የላክሽልኝን ቪዲዮ ከፈትሁ። ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ሲሮጡ ከኋላ ያነሣሽውን። አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ፣ አንድ ዓይነት ሩጫ። ደጋግሜ አየሁት። እትዬ፣ አምጬ የወለድኳት ልጄ የትኛዋ እንደሆነች አላወቅሁም። ያ የሳቅሁበት ኮምፒውተር እኔው ሆኜ አረፍሁት።

ገና ስትድህ ነው ትቻት የመጣሁት። ከዚያ ወዲህ የምንተያየው በስልክ፣ ፊት ለፊት ብቻ ነው። እሷስ እኔን ከአንገቴ በታች መች ታውቀኛለች? ስመጣ ከሰው መሃል ሳትለየኝ ቀርታ ካንቺ ቀሚስ ኋላ ብትደበቅ ምን ይውጠኛል?

እና እባክሽ፣ ስትሄድም ስትጫወትም ከየጎኑ እያነሣሽ ላኪልኝ። እኔም ጓደኛዬን ለምኜ እንደ ማንቆርቆሪያው ዞሬ ተነሥቻለሁ፤ ጀርባዬንም ጎኔንም ልኬልሻለሁ። ስታሳዪያት እናትሽ ናት አትበያት። ማን ናት ብለሽ ጠይቂያትና ያለችውን ሳትደብቂ ጻፊልኝ።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። ባልሽን፣ ያን ተረበኛ፣ ሰላም በይልኝ። ድንቢጤን ማጅራቷን ሳሚልኝ፤ ፊቷንስ አውቀዋለሁ።

ታናሽሽ

ከሥራዬ አጠገብ ከተከራየኋት ክፍል፣ ግንቦት ፲፩ ቀን