በአተላ ተጠርቶ የተቆጠረ ካርፕ

መቱ፣ መጋቢት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.
የጠዋቱ ርክክብ፦ ካርፕ ዓሣ፣ ግማሽ ሳጥን። አብዛኛው ከመዳፍ ያነሰ፤ እንቁላል የያዘ የለም።

ለተከበሩ አቶ ጌድዮን፣
የግድባችን የዓሣ ክምችት ጥናት ቡድን መሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኛም፣ ከውሃው በቀር፣ ደህና ነን። ወረቀቱ ከዕለት ማስታወሻዬ የተቀደደ በመሆኑ የጠዋቱ ርክክብ ከላይ ስለታየዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በግልጽ የምጽፈውም ውለታዎ በሁለታችን መካከል ተደብቆ እንዳይቀር ነው።

1. አምና ለቆጠራ ሲመጡ፣ ጀልባዎ ከመኪናው መንገድ ዳር እንዳይርቅ በማድረግ ነዳጅ ስለቆጠቡ እናመሰግናለን። ዓሣ አጥማጁ ባጫ በዋዜማው ምሽት በዚያው ዳር የጠላ አተላ በጆንያ አስምጦ ነበር፤ ካርፕ ለአተላ ከየትም ይሰበሰባል። ክፋት አልነበረውም። ኬሱማችን፣ እንግዳችን ማለቱ ነው፣ ባዶ መረብ ስቦ ከደጃችን አይመለስም ብሎ ነው።

2. ይህን እንደ ሰማሁ መጥቼ ስነግርዎ ዓሣው ገና አልተመዘነም ነበር። እርስዎ ግን፣ «እትዬ፣ ዓሣውን በምን መጣህ ብለን አንጠይቀውም» ብለው ሰዎችዎን አሳቁ። ቀጥሎም የአተላውን ዳር ዓሣ በግድቡ ስፋት ሁሉ አባዝተው ክምችቱ የተትረፈረፈ ነው ሲሉ ጻፉ። ከብት ከየመንደሩ ለውሃ በሚነዳበት ሆራ ዳር ቆሞ፣ ሜዳው ሁሉ እንዲህ ነው እያሉ የአገሩን ከብት መቁጠር እንደሚቻል ከእርስዎ በፊት ያስተማረን አልነበረም።

3. በጥናትዎ መሠረት ዓይነ ጠባብ መረብ ተፈቀደ፤ ከቡሬም ከጎሬም ጀልባ ገባ፤ ዳር ዳሩ በዓመቱ ተራቆተ። የቀረው ዓሣ ያለው ግድቡ ሲሞላ ከነቁመቱ በሰጠመው ጫካ ውስጥ ነው። እዚያ መረብ በግንድ ይያዛል፣ ሊያስለቅቅ የጎነበሰውን ሰው ደግሞ ጀልባው ይገለብጠዋል። ባለፈው ሳምንት የአጥማጁ የኪቲላ ጀልባ ብቻዋን ዳር ደረሰች። እሱን ከውሃ ብቅ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ አገኙት፤ በሕይወት አለ፣ ነገር ግን ስለዚያ ቦታ ሲጠየቅ ተነሥቶ ይወጣል።

ባጫ ነገ ንጋት ላይ ወደዚያው ይገባል። አትግባ አልሁት። «ጥናቱ ዓሣ ሞልቷል ካለ የጎደለው የእኔ ጉልበት ነው» አለኝ። «ዓሣህን አልቀበልህም» ብለው እንኳ ለሌላ ነጋዴ ይሸጣል እንጂ አይቀርም፤ የሚያበላቸው ልጆች አሉት። እርሱን የሚያስቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ስለሆነ፣ ቢያንስ ዓሣው እስኪራባ ድረስ ግድቡን ለአጥማጅ አዘግተው ዳግመኛ እንዲቆጥሩ በትሕትና እለምናለሁ።

ወንበርዎ ከጥናትዎ ይልቅ የጸና እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣

ወርቅውሃ አሰፋ
የዓሣ ነጋዴ፣ መቱ

ተጨማሪ፦ የጥናትዎ ካርታ የሰጠመውን ጫካ ክፍት ውሃ ይለዋል። ባጫ ካልተመለሰ፣ በክፍቱ ውሃ የትኛው ግንድ ሥር እንደምንፈልገው ምልክት ቢያደርጉልን ቤተሰቡ ያመሰግንዎታል።

ነገ፦ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሁሩሙ፤ ረጅም ገመድና ከውሃ ሥር የሚጎትት ትልቅ መንጠቆ መግዛት።