ያለሰለስኩት ቃል

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

የዚህ አገር ክረምት በግንቦት ነው፤ ብርዱ ገባ። አልሃምዱሊላህ! ብርድ ልብስ ሻጭ ከብርድ ሌላ ምን ይመኛል? ከጠዋት ጀምሮ "ማማ፣ ሃው መች?" ሲሉኝ ዋሉ። ምሳ እንኳ በቅጡ አልበላሁም።

ብራዚላዊቷ ሴትዮ ዛሬም መጣች። ዶና ዙልሚራ። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። የፊልም ዳይሬክተር ነኝ ትላለች፣ ካሜራዋን ግን ያየ የለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሱቄ ደጃፍ ቦንዳ ላይ ተቀምጣ ሰው ታያለች። ጎረቤቴ ጫማ ሻጩ ሽጉጤማ "ሰላይ ናት፣ አፍሽን ጠብቂ" ይለኛል። ምን ልትሰልል? የብርድ ልብስ አበባ?

አፌን አልጠበቅኩም። ካሜራ ይይዝልኛል ለምትለው ሰውዬ በቋንቋቸው "ይቺ ልጅ ሳትበላ ዋለች" ስትለው፣ እኔ በፖርቱጋልኛ "ለምጄዋለሁ" አልኳት። ክው አለች። እኔም ክው አልኩ። ከሞዛምቢክ ከወጣሁ አስር ዓመት፣ በዚያ ቋንቋ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። አስራ አራት ወር እዚያ… እሱን አልጽፍም።

አስተርጓሚ ሁኚኝ አለችኝ። እሺ አልኩ። ለምንድነው እሺ ያልኩት?

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ዛሬ እሷ አወራች፣ እኔ ሰማሁ። (ሰባ አንድ ዓመት ቢሆናትም አንቺ ነው የምላት፤ ራሷ ናት እንደዚያ ያለችው።)

ሰባት ዓመቷ ላይ አገሯ ድርቅ ገባ። ቤተሰቡ ጭነት መኪና ላይ አስራ አንድ ቀን ተጉዞ ትልቁ ከተማ ሳኦ ፓውሎ ደረሰ። እናቷ ሸሚዝ ትሰፋ ነበር። እሷ በአስራ ሁለት ዓመቷ ሲኒማ ቤት መጥረግ ጀመረች። ጠራጊ የሚገባው ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ የፊልም መጨረሻ ብቻ ነው ያየችው። "መጀመሪያውን ከራሴ እፈጥርለት ነበር" አለችኝ። "ዳይሬክተር የሆንኩት እዚያ ነው፣ መጥረጊያ ይዤ።"

አስራ አራት ፊልም ሠርታለች። አንዱን ያኔ አገሯን ይገዙ የነበሩት ወታደሮች ዘጠኝ ዓመት ቆልፈውባት ነበር። ሁሉም አገሩን ጥሎ ስለወጣ ሰው ነው። ተዋናይ አትቀጥርም። ካሜራ ከማውጣቷ በፊት ከሰው ጋር ትቀመጣለች። የተናገረን ሰው ደግሞ "ድገመው" አትልም። ሰው ሲደግም ይዋሻል ባይ ናት። የቀረጸችውን ሁሉ ደግሞ ለባለቤቱ ሳታሳይ አትሄድም።

ለፊልሟ ጋሼ ምሕረቱን መርጣለች። ወይ ዓይን! የመጋረጃዬን ጠርዝ የሚሰፉልኝ፣ የትሮይቪል ሰፈሩ ልብስ ሰፊ። አዲስ የመጣ ሐበሻ ሁሉ የመጀመሪያ ሌሊቱን እሳቸው ቤት ነው የሚያድረው። እኔም። ያን ቀን ወጥ ሠርተው ነበር። ስሜን ሲሰሙ "ሥጋው የኛ እርድ ነው፣ አንቺ አትበይውም" ብለው ተነሥተው እንቁላል ጠበሱልኝ። እንደዚያ የጣመኝ ነገር የለም።

ሰኞ፣ ግንቦት 25

ካሜራው ወጣ።

ዙልሚራ "ቤተሰብህ የት ነው?" አለቻቸው። ቀላል ጥያቄ። አስተረጎምኩ።

ጋሼ የስፌት መኪናቸውን አቆሙ። "ፀገነት የምትባል ልጅ ነበረችኝ" አሉ። "በመሬት ነይ ብዬ የጠራኋት እኔ ነኝ። ደላላውንም የመረጥኩላት እኔ ነኝ። ስድስት ወር መንገድ ላይ ቀረች። ምን እንዳደረጓት አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሦስት ሳምንት እዚህ ቤት ስትቀመጥ አንድ ቀን ቀና ብላ አላየችኝም። ከዚያ ደርባን ሄደች። ከሄደች አራት ዓመት ሆናት። ልጄን በገዛ አፌ ጠርቼ ላውሬ ሰጠኋት። ልጅ የለኝም ብል ይሻለኛል።"

ያን ጊዜ ሌላ ሰፈር፣ ቶኮዛ ነበር የምኖረው፤ ልጅቷን አይቻት አላውቅም። ደርባን እንዳለች እንጂ ሌላውን ማናችንም አልሰማንም።

ዙልሚራ ወደኔ ዞረች። ካሜራው እየሠራ ነው።

"ልጃቸው ደርባን ናት" አልኳት። "በጣም ትናፍቃቸዋለች።"

"ይሄን ሁሉ አውርቶ?"

"የኛ ሽማግሌ ነገር ያስረዝማል።"

ሳቀች። ወላሂ፣ እኔም ሳቅኩ።

የትልቅ ሰው ገመና ለእንግዳ አይወጣም ብዬ ነው… ነው? ወይስ እንዲህ ያለውን ነገር በዚያ ቋንቋ መናገር አቅቶኝ? በዚያ ቋንቋ ሰው ለምኛለሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ጉድ ፈላ። ዙልሚራ የአውቶቡስ ትኬት ገዝታ መጣች። ደርባን! ለሰኔ 5፣ ለአራታችንም። "ናፍቆት ካለ መንገድ ነው መድኃኒቱ" ትላለች። "አንቺ ጠይቂልኝ፣ አባትየውንም ልጅቷንም። እሺ ካሉ እንሄዳለን።"

ምን ብዬ ነው የምጠይቃቸው? "ማን ናፈቀችኝ አለ?" ቢሉኝስ? እምቢ አሉ ብላት ደግሞ፣ ፊልሙ ውስጥ ያ የኔ ቃል ይቀራል። ጋሼ ያላሉትን ብለው፣ ያሉት ጠፍቶ፣ ብራዚል ድረስ ሰው ያያቸዋል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኔው በአውቶቡስ መጣ።

ዓርብ፣ ግንቦት 29

አረፋ። ሰግደን ተመለስን። ጋሼ ደውለው "እንኳን አደረሰሽ፣ ዘኪዬ" አሉኝ። ሥጋውን ሳልቀምስ አነሣሁት።

እሑድ፣ ሰኔ 1

ለዙልሚራ ነገርኳት። ጋሼ ያሉትን እንኳ አልነገርኳትም፤ "ያልኩሽ እሳቸው ያሉትን አይደለም" አልኳት፣ ያ ብቻ።

አባረረችኝ ብዬ ቦርሳዬን ያዝኩ።

"ፖርቱጋልኛውን የት እንደተማርሽ አልጠየቅኩሽም" አለች። "በሞዛምቢክ በኩል ነው የመጣሽው?"

"ይቅርታ" አልኳት።

"እኔን ይቅርታ አትጠይቂኝ" አለችኝ። "ቃሉ የሱ ነው። ሂጂና ለሱ ንገሪው።" ትኬቶቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ትሮይቪል ሄድኩ። ጋሼ ቁጭ በይ አሉኝ፣ አልተቀመጥኩም። ባንድ ትንፋሽ ተናገርኩት።

"ማን ለምኖሽ?" አሉ። "አራት ዓመት በሆዴ ይዤው፣ አንድ ቀን ባወጣው አንቺ ዋጥሽው?"

"ለእርስዎ አፍሬ ነው፣ ጋሼ።"

"ያፈርሽው ለራስሽ ነው።"

ከመደርደሪያው መጋረጃዎቼን አወረዱ። ጠርዛቸው አልተሰፋም። አጣጥፈው ሰጡኝ። "ሌላ ሰፊ ፈልጊ።"

ታክሲ ውስጥ እስከ ጄፔ፣ እስከ ሱቄ ሰፈር አለቀስኩ። አጠገቤ ያለችው ማማ መሐረብ ሰጠችኝ፣ ምን ሆነሽ ነውም አላለችኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

አውቶቡሱ ያለኛ ሄደ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ጋሼ ሱቄ ድረስ መጡ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። "ያቺ ሴትዮ አልሄደችም?" አሉ። "ጥሪያት። ያልኩትን ትስማ።"

ቤታቸው ገባን። ዙልሚራ እሳቸውን ድገሙልኝ አላለችም። የተቀረጸውን ድምፃቸውን ከፈተች፣ እኔን ከጎናቸው ካሜራ ፊት አስቀመጠችኝ። "አሁን ተርጉሚ።"

"ድገሙ አልልም ትዪ አልነበር?"

"አንቺ መቼ ተናገርሽው? ያልተነገረ አይደገምም።"

አንድ ባንድ ተረጎምኩ። ደላላው ጋ ደረስኩ። ስድስት ወሩ ጋ። "ላውሬ ሰጠኋት" የሚለው ላይ ቆምኩ። ጋሼ ውኃ ሰጡኝ። ጠጣሁና ትርጉሙን ጨረስኩት።

ከዚያ ግን አላቆምኩም። ምን እንደነካኝ አላውቅም… በዚያው በፖርቱጋልኛ የራሴን ቀጠልኩ። እስር ቤቱን። አስራ አራቱን ወር። ማንን እንደለመንኩ፣ ምን ብዬ። ለእናቴ ያልነገርኩትን። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ዓይኑን ጠረገ። ዙልሚራ እጄን ይዛኝ ነበር።

ስጨርስ ጋሼ "የዚችን ልጅ ደግሞ ማን ያስተረጉምልኛል?" አሉ።

ካሜራው እንደሠራ እኔው በአማርኛ ነገርኳቸው። እሳቸውም አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ። "ፀገነትንም እንዲህ ጠይቄ ብሰማት ኖሮ…" አሉና ተዉት። ተነሥተው እንቁላል ጠበሱልኝ።

ስወጣ "ይሄን የቀረጻችሁትን ለፀገነት ላኪልኝ" አሉ። "ባንቺ ስልክ። በኔ ከሆነ አትከፍተውም።" ዙልሚራን ጠየቅኳት። "የሱና ያንቺ ነው፣ ላኪው" አለች። ላክሁት።

መጋረጃዎቼን ተቀበሉኝ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ለፀገነት የላክሁት ላይ ሁለት ሰማያዊ ምልክት። አይታዋለች። መልስ ግን የለም። ጋሼ በየቀኑ "እ?" ይሉኛል። "ገና" እላቸዋለሁ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 21

ዙልሚራ ወደ አገሯ ከሄደች ሦስት ሳምንት ሆናት። ጠዋት በድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ቁጭ ብላ ፊልሙን እየቆራረጠች እየቀጠለች ነው። "ፊልሙ ባንቺ ይጀምራል" ትላለች። "እኔ መጨረሻ ብቻ እያየሁ ያደግሁ ሴትዮ፣ ይሄኛው መጨረሻው የት እንደሆነ አላውቅም።" አንዴ አልበቃኝ ብሎ ሦስቴ ሰማሁት።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ የተሰፉትን መጋረጃዎች ይዘው መጥተው ቦንዳው ላይ ተቀምጠዋል። የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

"ዘኪያ ነሽ?… ፀገነት ነኝ፣ በሌላ ቁጥር ነው።"

"ፀገነት?" ስል ጋሼ ሰሙ። መርፌና ክር አወጡ።

"እኔም አንቺ የታሰርሽበት ከተማ ነበርኩ" አለችኝ። "ከዚያ የወጣ ሌላ ሰው አግኝቼ አላውቅም።" አወራን። ደንበኛ መጣ፣ ሄደ፤ ሽጉጤ በኔ ፈንታ ሸጠልኝ። የነገረችኝን እዚህ አልጽፈውም፣ የሷ ነው። አንዳንዱ ላይ ሳቅን ሁሉ። በዚያ ነገር እስቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ጋሼ ያቺኑ መርፌ ክር ሊያስገቡባት ይታገላሉ።

ልንሰነባበት ሆነ። ከዚያ "አባባ እንዴት ነው? ብርዱ አልጎዳውም?… ሰላም ብላሃለች በይልኝ።"

"አልልም" አልኳት። "እኔ የሰው ቃል ሲያቀብሉኝ አበላሻለሁ። ራስሽ በያቸው።"

ስልኩን ለጋሼ ሰጠሁና ብርድ ልብሶቼን ላጣጥፍ ወደ ውስጥ ገባሁ።